ከጨው ነጋዴ እስከ ባሪያ ፈንጋይ

ዛሬ ስለ አሶሳ እናነባለን።

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ምድሩ ወርቅ አለው። የበርታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በውሃ እያጠበ ወርቅ ያወጣል። ይህን ወርቅ ፈልገው ከሱዳን በኩል ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። ጀላባ ይባላሉ። ጨውና ጨርቅ አምጥተው በወርቅ ይለውጡ ነበር።

ጨው ባነሰበት አገር ጨው ይዞ የመጣ ሰው ይከበራል። ነጋዴዎቹ የባላባት ልጆች አገቡ። የተወለዱት ልጆች በእናታቸው በኩል መሬት፣ በአባታቸው በኩል ገበያ አገኙ። ቀስ በቀስም ገዥ ሆኑ። ወታዊት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ገበያው ግን ከወርቅ ሌላ ሰውም ይፈልግ ነበር። በ1814 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከዚህ አካባቢ ደረሰ። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳኖች በመሐዲ መሪነት በግብፅ አገዛዝ ላይ ተነሡ። ጦርነቱ ለነጻነት ነበር። ነገር ግን ከደጋፊዎቹ መካከል የባሪያ ንግድ የተከለከለባቸው ነጋዴዎችም ነበሩበት። የመሐዲ ጦር ቤኒሻንጉልን አልፎ ወለጋ ገባ። በ1881 ዓ.ም. ጉተ ዲሊ ላይ ተሸነፈ።

በ1890 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን አዝማችነት መጣ። አገሩ ያኔ በሦስት ሼሆች እጅ ነበር። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ይባላል። እርሱም የወታዊት ወገን ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሁሉ ለምኒልክ ገበረ። ሆጀሌ አዲስ አበባ ታሰረ። በኋላ ግን ተፈቶ ከሁሉ የበለጠ ኃይለኛ ሆነ። ለመንግሥት የሚገብረው ወርቅ ነበር። ባሪያም ይላክ ነበር።

ሰውስ ከየት ይመጣል? ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደር ነው። ጠመንጃ የያዘው ጠመንጃ የሌለውን ይፈነግላል። ሚስቱ ሲት አምና በሱዳን በኩል ተቀምጣ በዚሁ ንግድ ታወቀች። በ1920 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዞች አሠሯት።

መንግሥት ባሪያ ነጻ እንዲወጣ በ1916 ዓ.ም. አዋጅ አወጣ። ንግዱ ግን ወዲያው አልቆመም። ኢጣሊያ ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ ተሻረ።

አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ «ሼህ ሆጀሌ» ከሚለው የመጣ ነው። ቤታቸው እዚያ ነበር። ከዚያች የአሶሳ መንደር በሌሊት የተወሰደችው ልጅ ግን በስሟ የሚጠራ ሰፈር የላትም። ስሟን የጻፈላትም የለም። የሻጩን ስም ታሪክ ያዘ፤ የተሸጠውን ያስታወሰችው እናቱ ብቻ ናት።

ዛሬ የሻጭም የተሸጠም የልጅ ልጆች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ይቀዳሉ። ልጅ በአያቱ ጥፋት አይጠየቅም። ያንን የገበያ ቃል አንሥቶ ሰውን «ባሪያ» ብሎ መስደብ ግን የራስ ጥፋት ነው። አዋጁ ንግዱን ሽሯል። ከአፋችን መሻር ያለብን እኛው ነን።

አሁን እርስዎ መጻፍ ችለዋል። አያትዎ ስለዚያ ዘመን የነገሩዎት ካለ፣ በመንደርዎ የሚታወስ ስም ካለ፣ በደብተርዎ ላይ ይጻፉት።

አዲስ ቃላት
ፈነገለ፦ ሰውን በኃይል ይዞ ለባርነት ሸጠ።
ገበረ፦ ለገዥ ግብር ከፈለ።
ተሻረ፦ ሕጉ ወይም ልማዱ ቀረ።

ተወያዩበት
1. ጀላቦች ወደ አሶሳ ምን ይዘው መጡ? ምንስ ወሰዱ?
2. ነጋዴ እንዴት ገዥ ሆነ?
3. አዋጅ ከወጣ በኋላ ንግዱ ለምን ወዲያው አልቆመም ይመስላችኋል?