«ቅቤ ቅቤ ትሸታለች»

በከተማችን ይህችን ሦስት ቃል ያልሰማ የለም። ስድብ ናት፤ ግን ስድብ አትመስልም። አፍንጫውን ያዝ አድርጎ የሚናገራት ሰው ስለ ንጽሕና የሚጨነቅ ይመስላል እንጂ ሰው ያዋረደ አይመስልም። እኔ ግን እላለሁ፤ በዚህች ዐረፍተ ነገር የተሰደበው ቅቤው አይደለም። ቅቤውንማ ዶሮ ወጥ ላይ ሲሆን እንሻማበታለን! የተሰደበችው አናቷን ተቀብታ ከገጠር የመጣችው ሴት ናት፤ አራሷ ናት፤ በአደባባይ ልናውቃት የማንፈልጋት አያታችን ናት።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም እጃችን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እስቲ የፍቅር ግጥሞቻችንን አገላብጡ። የምትወደደዋ ሴት ፀጉሯ ምንድን ነው? ዞማ። ሐር። ጀርባዋ ላይ የሚፈስ፣ ነፋስ የሚያዘናፍለው… ለመሆኑ በየቤታችን ካሉት እናቶችና እኅቶች የስንቶቹን ፀጉር ነው ነፋስ የሚያዘናፍለው? ብዙው ጥቅልል፣ ጥምልምል፣ ማበጠሪያ የሚሰብር ፀጉር ነው። ለእርሱ ያለን ቃል «ከርዳዳ» ሲሆን፣ ከአፋችን የሚወጣውም ወይ ለስድብ ወይ በኀፍረት ነው። ቋንቋ ሲያዳላ ገጣሚ ካልተቆጣ ማን ይቆጣ?

ንቀቱ ደግሞ ከጥንት የወረስነው አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያለ ሹሩባ የሚያስብ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የንጉሡ የፀጉር ዘለላ፣ በ2019 በወርኃ መጋቢት ለንደን ከሚገኘው ናሽናል አርሚ ሙዚየም ለአገሩ ሲመለስ ስንቶቻችን ዕንባ ተናነቀን። ደግ አደረግን። ነገር ግን ያ ሹሩባ ያለ ቅባት የተጎነጎነ ይመስላችኋል? የንጉሡን ዘለላ በክብር ተቀብለን የጽዳት ሠራተኛዋን ሹሩባ አፍንጫችንን ይዘን የምናሳልፍ ሰዎች ነን።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ብር፣ ማታውን ስንኝ ስቆጥር የምውል የማመሽ። ባንኩን አልጠራም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎኔ መስኮት ላይ የምትሠራ ባልደረባዬ ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች። እናቷ እንደ ወጉ አናቷን በለጋ ቅቤ ሲያረሰርሱላት ከርመዋል። ታጥባለች፣ ሹሩባ ተሠርታለች፣ አምሮባታል። በሦስተኛው ቀን አለቃችን ቢሮ አስጠርተው «ደንበኞች ቅሬታ አላቸው፤ እባክሽ የባንክ ሠራተኛ ምሰይ» አሏት። ቅሬታ አቀረበ የተባለውን ደንበኛ እስከ ዛሬ ያየው የለም። በዚያው ሰሞን አንድ ወንድ ባልደረባችን የሚነሰንሰው ሽቶ ዓይን ያስለቅስ ነበር፤ እርሱን ግን ማንም አላስጠራውም። በሳምንቱ ልጅቷ ሪላክሰር ተቀብታ፣ ፀጉሯን ቀጥ አድርጋ መጣች። «አሁን ሆንሽ!» አሏት አለቃችን። እርሷም ራስ ቅሏ ላይ የተቃጠለውን ቦታ ለእኔ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ።

«ንጹሕ» የተባለው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ የፀጉርን ውስጣዊ ማሰሪያ የሚሰብር ኃይለኛ ኬሚካል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በአሜሪካ ይፋ የሆነ፣ 33,497 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የፀጉር ማቅኛ የተጠቀሙት ሴቶች በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ምንም ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ተዛምዶን አሳየ እንጂ «ምክንያቱ ይኸው ነው» ብሎ አልደመደመም፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን ከሁለቱ የትኛው ነው ቢሮ ሊያስጠራ የሚገባው?

የቅቤው ጥበብ ቀላል የሚመስለው ሠርቶት ለማያውቅ ነው። ለፀጉር የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው፤ ያልተነጠረ፣ ጨው ያልነካው፣ ቅመም ያልገባበት። እናቶቻችን ተንጦ ከወጣ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው የሚያጥቡት በከንቱ አይደለም። በቅቤው ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው አሬራ ነው ቶሎ የሚያበላሸው፤ ያን የምንሸሸውን ሽታ የሚያመጣውም እርሱ ነው። ስለዚህ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይታጠባል። ከዚያ የደረቀ የአደስ ቅጠል ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ይለወስበታል፤ አደስ የገባበት ቅቤ ቤት ያውዳል። ፀጉሩ በመስመር በመስመር እየተከፈለ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይቀባል፣ በሻሽ ይታሰራል፣ ሰዓታት ይቆይና በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። (በገጠር ሳይታጠብ ሲሰነብት አይታችሁ ከሆነ፣ ውኃው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ወንዝ በእንስራ ስለሚመጣ ነው። የሚስቅ ሰው እንስራውን አዝሎ ይሳቅ።)

ጥቅሙስ? ጥቅልል ፀጉር ቶሎ ይደርቃል፤ ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ ጠመዝማዛውን ይዞ እስከ ጫፉ መውረድ ይቸግረዋልና። ቅቤው የጎደለውን ወዝ ይተካል፤ እርጥበቱ እንዳይተን ይሸፍናል፤ ማበጠሪያ እንዳይሰብረውም ያለሰልሳል። «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው» የሚል ተረት ያወጣ ሕዝብ ስለ ድርቀት የሚያውቀው ነገር አለ።

ቅቤ ዛሬ በሕልም ካልሆነ ለድሃ እንደማይቀመስ አውቃለሁ፤ በበዓል ሰሞን ዋጋ ጠይቆ ከሚመለሰው ደመወዝተኛ አንዱ እኔ ነኝ። ተልባ ግን አለ። አራት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውኃ እያማሰሉ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪዝለገለግ ማፍላት፣ በትኩሱ በስስ ጨርቅ ማጥለል ነው። ከቀዘቀዘ በጨርቁ አያልፍም፤ ድስታችሁን ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ጉንጉን ይይዛል፣ ያወዛል። ከብልሽት የሚጠብቀው ነገር ስላልገባበት በማቀዝቀዣም ቢሆን ከሳምንት በላይ አይቆይ።

እዚህ ላይ የሚያጨበጭብልኝ ሌላ ወገን ይኖር ይሆናል፤ አያጨብጭብ። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ በሰባት ቀን ወገብ የሚያደርስ» እያለ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ጭማቂ በብልቃጥ የሚሸጠውን ማለቴ ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያድገውም ከቆዳ ሥር ነው። ቅቤም ሆነ ተልባ ይህን አያፋጥነውም፤ ያደገው እንዳይሰበር ይረዳል እንጂ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን ያቃጥላል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥም ቆዳን ይለበልባል። ተፈጥሯዊ መሆን ከመርዝነት ነጻ ካወጣ እንዶድስ ከማሳ የተገኘ አይደለምን? ብልቃጥ ሻጩና አለቃዬ ጠላት ይመስላሉ፤ የሚነግሯት ግን አንድ ነው፤ ያለሽ ፀጉር አይበቃሽም። ወገብ የሚደርስ ፀጉር… ይኸው፣ ዞማ በጓሮ በር ተመለሰ!

ዞማ ከግጥም ይሰረዝ አልልም። ዞማ ያላት ትወደስ። እኔ የምለው፣ ወዝ የጠገበውን ጥቅልል ፀጉርና የአደሱን ሽታ በፍቅር ያነሣ ግጥም ያለው ሰው ያሳየኝ ነው። ተረብ አይሁን፤ የባላገር ትዝታም አይሁን። ሴቲቱ ከተሜ ትሁን፤ ቀኑ ሰኞ ይሁን፤ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ብር ስትቆጥር፣ ከርዳዳ ፀጉሯ ከርዳዳ ተብሎ ተጠርቶ የተወደደበት ግጥም ይሁን።