«ምን ነካሽ?» ከመባላችን በፊት መብራቱን እንይ



በየምንሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ወይም ኮሪደሩ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ አቧራዋን በየቀኑ የምንጠርግላት አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። ሞደም ወይም ራውተር ትባላለች። ከፊት ለፊቷ አራት አምስት ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። ብዙ ሰው፣ አሠሪዎችም ጭምር፣ መብራቶቹ ምን እንደሚሉ ሳይጠይቅ ያልፋቸዋል።

ኢንተርኔቱ የጠፋ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚስተር ሥራ ይስተጓጎላል፣ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ ማዳም ትቆጣለች። ቤቱን ስታጸዳ የዋለችው ደግሞ የታወቀች ናት። ስለዚህ በዐረብኛ የሚመጣው የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ምን ነካሽ?» የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ አነጋገር ሁለት መልክ አለው፤ «እጅሽ ያረፈው ምን ላይ ነው?» ማለትም ነው፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ማለትም ነው። በሁለቱም መልኩ ጥፋተኛዋ አስቀድማ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የሣጥኗ ዋጋ ከደመወዝ እስከ መቆረጥ፣ «አንቺ ስልክሽ ላይ ስለምትውዪ ነው» ተብሎ ስልክ እስከ መቀማት የሚደርስ ቤት አለ።

እኛ የምንለው አጭር ነው። እነዚህን መብራቶች ማንበብ እንደ ልብስ ማጠቢያው ወይም እንደ ምድጃው የቤት ሥራችን አካል ይሁን። ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም፤ የአንድ ቀን ትምህርትም አይፈጅም። መብራት አያዳላም። ችግሩ ከቤት ውጭ ከሆነ ከቤት ውጭ ነው ብሎ ይመሰክራል።

«ባላውቅ ይሻለኛል፤ አውቃለሁ ካልኩ ነካካሽ እባላለሁ» የሚሉ እህቶች አሉ። ሐሳባቸው ከንቱ አይደለም፤ በአንዳንድ ቤት ዐዋቂ ሠራተኛ ትጠረጠራለች። ነገር ግን ማየት መንካት አይደለም። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ መብራቱን የምታነብ ሴት ምንም አልነካችም። ምንም የማታውቀውም ቢሆን ከመጠርጠር አልዳነችም፤ የምትመልሰው ስታጣ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋም እንደ ማመን ይቆጠርባታል። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ካለመናገር ደመወዝ ይቀራል።

በመጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት ድረስ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። እዚህ ሊባኖስ በብዙ ቤቶች የሚመጣው በስልክ መስመር ነው። መስመሩ ኦጌሮ ከሚባለው የመንግሥት የስልክ ድርጅት ማዕከል ተነሥቶ፣ በመንገድ በኩል ወደ ሕንፃው ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የስልክ ሶኬት በቀጭን ገመድ ወደ ሣጥኗ ይደርሳል። ከሣጥኗ ወደ ስልካችን ያለው ጉዞ በአየር ነው፤ ዋይፋይ የምንለው ይኸው ነው። መብራቶቹ በዚህ መንገድ ላይ እንዳሉ ኬላዎች ናቸው። እያንዳንዱ መብራት «እኔ ጋ ሰላም ነው» ወይም «እኔ ጋ ተቋርጧል» ይላል።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ምልክቱ ከላይ ትንሽ ሰረዝ የገባበት ክብ ነው። ይህ ከጠፋ ሣጥኗ ኤሌክትሪክ አላገኘችም፤ የሌሎቹን መብራቶች ነገር መመርመር አያስፈልግም። ሶኬቱ ወልቆ ወይም መብራት ሄዶ ይሆናል።

ሁለተኛው የመስመሩ መብራት ነው። በብዙዎቹ ላይ ዲ-ኤስ-ኤል የሚሉ ፊደላት አሉበት። ሳያቋርጥ ከበራ መስመሩ ከማዕከሉ ጋር ተገናኝቷል። ብልጭ ድርግም ካለ እየፈለገ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ብልጭ ድርግም ማለቱን ካልተወ ወይም ጭራሽ ከጠፋ፣ ወይ ከግድግዳው የሚመጣው ቀጭን ገመድ ወልቋል፣ ወይ ችግሩ ውጭ ነው። በዚያው መስመር የሚሠራ የቤት ስልክ ካለ ማዳም እጀታውን አንሥታ ትስማ፤ ድምፅ ከሌለው የተቋረጠው ውጭ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። በጥር 2022 በአውሮፓ አቆጣጠር በቤሩት አንዳንድ ሠፈሮች ኢንተርኔት የጠፋው የኦጌሮ ማዕከል ጄኔሬተር ናፍጣ ስላለቀበት ነበር። በዚያ ዕለት ሣጥኗን በየቤቱ ቢያጥቡትም ቢያጥኑትም ለውጥ አይመጣም ነበር።

ሦስተኛው የኢንተርኔቱ መብራት ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የዓለም ሉል ሥዕል ነው። አረንጓዴ ከሆነ፣ እየተርገበገበም ቢሆን፣ ኢንተርኔት ገብቷል፤ መርገብገቡ መልእክት ሲያልፍ የሚታይ ነው። የመስመሩ መብራት ሳያቋርጥ በርቶ ይህ ቀይ ከሆነ ወይም ከጠፋ ግን፣ መንገዱ አለ በሩ አልተከፈተም ማለት ነው። የወሩ ክፍያ አልተከፈለ ይሆናል፣ ኩባንያው የሰጠው የመግቢያ ስምና ቁጥር ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወይም ችግሩ ከራሱ ከኩባንያው ነው። ይህ በሚስተር የስልክ ጥሪ የሚፈታ እንጂ በእኛ እጅ የሚፈታ አይደለም።

አራተኛው የዋይፋይ መብራት ነው። ምልክቱ ውኃ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚታየው ሞገድ ያለ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ዋይፋዩ በርቶ የኢንተርኔቱ መብራት ቀይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስልካችን «ተገናኝቷል» ይላል፣ ነገር ግን ምንም አይከፍትም። የዋይፋዩ መብራት ብቻውን ከጠፋ ደግሞ፣ አንዳንዶቹ ሣጥኖች ከጎናቸው ወይም ከኋላቸው ዋይፋይ ማጥፊያ ቁልፍ ስላላቸው በጨርቅ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስናጸዳ ደረቅ ጨርቅ፣ ቀስ ያለ እጅ።

የቀሩት አያስጨንቁ። የትንንሽ ካሬዎች ሥዕል ያለበት መብራት ከሣጥኗ ወደ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር በገመድ ሲያያዝ የሚበራ ነው፤ ገመድ ከሌለ መጥፋቱ ጤና ነው። ሁለት ቀስቶች ሲዞሩ የሚያሳየው ደግሞ አዲስ ዕቃ ያለ ይለፍ ቃል ለማገናኘት ቁልፉ ሲጫን ለሁለት ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም የሚል ነው። ሳይታዘዝ አይነካም።

ቀለሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዱ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ሌላው ሰማያዊ ወይም ነጭ። ቀይ አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው የራሳችንን ቤት ሣጥን የጤና መልክ ማወቅ ነው። ኢንተርኔቱ ደኅና በሚሠራበት ቀን ማዳምን አስፈቅደን ፊቷን በስልካችን ፎቶ እናንሣት። ከሥር ወይም ከኋላ ያለው ወረቀት የይለፍ ቃል ስላለበት እሱ አይነሣ። በጠፋ ቀን ፎቶውን ከፊታችን ካለው ጋር ስናስተያይ የተለወጠው መብራት ራሱ ይናገራል።

በሊባኖስ ሌላ ነገር አለ። መብራት ከመንግሥቱ፣ ሰዉ «ዳውሌ» ከሚለው፣ ወደ ሠፈሩ ሞተር ሲቀየር ለአፍታ ይቋረጣል። ባትሪ ከሌላት ያቺ አፍታ ሣጥኗን ታጠፋታለች። ተነሥታ መስመሯን እስክታገኝ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅባታል። በዚህ መካከል ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ሥራዋን ከመጀመሪያው እንድትጀምር ማድረግ ነው። እስከ አምስት ደቂቃ መታገሥ ይበቃል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ እህቶች የምታዩት ሣጥን ሊለይ ይችላል። እዚያ በብዙ ቤት ኢንተርኔቱ የሚገባው በመዳብ ሽቦ ሳይሆን እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው፤ ፋይበር ይባላል። በዚህኛው ላይ የመስመሩ መብራት ፒ-ኦ-ኤን የሚል ነው፤ ሳያቋርጥ አረንጓዴ ሲሆን ደኅና ነው። ኤል-ኦ-ኤስ የሚለው ቀይ ከሆነ ወይም በቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ገመዱ ውጭ ተቆርጧል ወይም እቤት ተጣጥፏል። መስታወት ስለሆነ ከቁም ሣጥን ኋላ ማጣጠፍ፣ ዕቃ መጫን አይገባም። ጫፉ ወልቆ ቢገኝም ወደ ዓይን አስጠግቶ ማየት አደገኛ ነው።

በሁሉም አገር አንድ ነገር ፈጽሞ አይነካ። ከኋላ መርፌ የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ሪሴት ትባላለች። ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ቁልፍ ለአሥር ሰኮንድ ያህል ከተጫነ ሣጥኗ የምታውቀውን ሁሉ ትረሳለች፤ የቤቱን የይለፍ ቃልም፣ ብዙ ጊዜም ኩባንያው የሰጠውን የመግቢያ ስም ጭምር። ያን ጊዜ «ምን ነካሽ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያገኛል። ማዳም ራሷ «ተጫኚው» ብትል እንኳ «እርስዎ ይጫኑት» ማለት ብልኅነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መብራቶቹ ሁሉ ደኅና ሆነው፣ የማዳም ስልክ እየሠራ፣ የእኛ ብቻ የማይሠራበት ጊዜ አለ። መብራት ይህን አይነግረንም፤ ግን ጥፋቱ የመስመሩ እንዳልሆነ ይነግረናል። አስቀድመን የራሳችንን ስልክ አጥፍተን እናብራው። አሁንም «የይለፍ ቃሉ ልክ አይደለም» ካለ ቃሉ ተቀይሯል። ይህ የሰው ውሳኔ ነው፤ ከሰው ጋር በንግግር የሚፈታ ነው። በተቃራኒው ስልካችን ሁሉን ከፍቶ ቤተሰብ ብቻ የማይገኝበት ቀን ደግሞ ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ቤት ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንታት ገደማ በቆየ ጊዜ፣ እዚህ ያለችው ሣጥን አረንጓዴ ነበረች። ኤሚሬትስም የዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ ለብዙ ዓመታት ታግዶ የቆየባት አገር ናት፤ ጽሑፍ እየደረሰ ጥሪ እንቢ ቢል ሣጥኗ ታማለች ማለት አይደለም።

ዋይፋይን ለቅጣት የሚዘጉ አሠሪዎችን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ትክክል አይደለም። በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል እንኳ ሠራተኛዋ ስልክና ደብዳቤ እንድትቀበል፣ በወር አንድ ጊዜም በአሠሪዋ ወጪ ከወላጆቿ ጋር እንድትነጋገር ያዛል። ኢንተርኔት በቤት ሲኖር ይህ ድምፅ መስማት ለአሠሪ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም። ለእናት ግን ልጇ በሕይወት መኖሯን ማወቂያ ነው። በጥቅምት 2019 በአውሮፓ አቆጣጠር የሊባኖስ መንግሥት በዋትሳፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ሊያስከፍል ሲያስብ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ፣ ሐሳቡ በዚያው ዕለት ተሰርዟል። የጥሪን ዋጋ የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ የእኛንም እንዲያውቅልን በትሕትና እንጠይቃለን።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የሣጥኗን የጤና መልክ እንወቅ። ሁለተኛ፣ ሦስት የዐረብኛ ዐረፍተ ነገሮች እንያዝ፦ «ደው ኤል-ኢንተርኔት አሕመር»፣ የኢንተርኔቱ መብራት ቀይ ነው፤ «ኤል-ኸት መቅጡዕ»፣ መስመሩ ተቋርጧል፤ «ማ ለመስት ሺ»፣ ምንም አልነካሁም። የመጨረሻውን ብቻውን ስንለው መሐላ ይመስላል፤ ከፊተኞቹ ከአንዱ ጋር ስንለው ግን ማስረጃ አለው። ሦስተኛ፣ በቅርብ ለመጣች እህት እናስተምራት፤ ዐረብኛው ገና ላልገባት የመብራት ቋንቋ ይቀላታልና።

ሰላም ሰንብቱልን።