ቁጥጥር ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ትምህርት «ዕቅድ» የሚለውን ቃል ከሰሌዳው ላይ አብረን አነበብን። አንድ አባት እጃቸውን አነሱና፣ «ልጆቼ፣ ዕቅዱስ ይጻፍ። መፈጸሙን የሚያየው ማነው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ትልቅ ነው። ስለዚህ የዛሬው ቃላችን «ቁጥጥር» ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። በቡራዩ ተዳፋት ጎርፍ ይወርዳል። ሰበታ ፋብሪካ ስለበዛባት እሳት ያሰጋታል። ለዚህ ሁሉ ዕቅድ የሚያወጣውና የሚሠራው አስተዳደሩ ነው። መሠራቱን የሚጠይቀው ግን ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ነው። ቁጥጥር የሚባለው ይኸው ነው።

ቆሼን እናስታውስ። ቆሼ ከሰበታ ብዙ አይርቅም። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲጣልበት ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መሄድ ጀምሮ ነበር። የዚያ አገር ገበሬዎች ስለተቃወሙ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከክምሩ ሥር ግን ሰው ይኖር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሐዘኑ ይገባ ነበር። የምክር ቤት ትልቁ ሥራ ግን ከሐዘን በፊት ያለው ነው። «ከክምሩ ሥር ያሉት ሰዎች መቼ ይነሳሉ? የትስ ይገባሉ?» ብሎ በጊዜ መጠየቅ ነው።

ታዲያ የከተማው ምክር ቤት ምን ይጠይቅ?

ጎርፍ የሚያሰጋው ሰፈር የትኛው ነው? ቦዩ ከሰኔ በፊት ተጠርጓል ወይ? የእሳት አደጋ መኪና የት ይቆማል? መንገዱስ ያሳልፈዋል? ገንዘቡ ተመድቧል? ለምን ዋለ?

ሪፖርት ሰምቶ ማጨብጨብ ቁጥጥር አይደለም። ቦዩ ድረስ በእግር ሄዶ ማየት ነው ቁጥጥር።

እኛስ ምን እናድርግ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 12፣ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችልም ይናገራል።

ትናንት ወረቀት ሲመጣ በጣት ትፈርሙ ነበር። ዛሬ ታነባላችሁ። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ተወካያችሁን፣ «ዕቅዱን ያምጡትና አብረን እናንብበው» በሏቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል!