ቅንጣት የሚለየው መስታወት ለጅግጅጋ ሩቅ አይደለም

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የቅንጣት መለያ መሣሪያ መሥራት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ነገሩ ቅንጦት ይመስላል፤ መሣሪያው ከምን እንደሚሠራ ላየ ግን አይደለም። በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን፣ አሊስ በተባለው ሙከራ፣ የእርሳስ አስኳሎች ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ይጋጫሉ። ከግጭቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይፈልቃሉ፤ የትኛው ፓዮን፣ የትኛው ኬዎን፣ የትኛው ፕሮቶን እንደሆነ ካልተለየ ግን ሙከራው ትርጉም የለውም። ማግኔት መንገዳቸውን ሲያጎብጠው ሞመንተማቸው ይታወቃል። በሞመንተም እኩል ከሆኑት መካከል ከባዱ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ የበረራ ጊዜውን የለካ ማንነቱን ይደርስበታል። ፈተናው የጊዜው ማነስ ነው፦ 2.5 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ፓዮንና ኬዎን 3.7 ሜትር በርረው የሚቀዳደሙት በ200 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ብርሃን እንኳ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል።

ይህን የሚለካው ስስ የመስታወት ንብርብር ነው። በመስታወቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሩብ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክፍተቱን እኩል አድርጎ የሚይዘው የናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው! ውስጡ የሚሞላው ጋዝ አብዛኛው በፍሪጅና በመኪና ማቀዝቀዣ የምናውቀው አር 134 ኤ ነው። ቅንጣቱ ሲያልፍ ከጋዙ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፤ በንብርብሩ ላይ የተጫነው ከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኑን ያባዛዋል፤ ክፍተቱ ጠባብ በመሆኑ ምልክቱ በሰዓቱ ይደርሳል። አሊስ 140 ካሬ ሜትር ያህል የሸፈነው በዚሁ ነው። በፊዚክስ ሊቁ በአንቶኒኖ ዚኪኪ አነሳሽነት የጣሊያን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህንኑ መሣሪያ በእጃቸው ሠርተው፣ በየትምህርት ቤታቸው ተክለው ኮስሚክ ጨረር ይለኩበታል። የቻይና ዩኒቨርሲቲዎችም በአሜሪካ ስታር ለተባለው ሙከራ መስታወቱን ሠርተው አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር 18 የፀረ ሂሊየም 4 አስኳሎችን ማግኘቱን ሲያስታውቅ በመለየቱ ሥራ ውስጥ ያ መሣሪያ ነበረበት።

ውኃ ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ ለሚመጣላት የጅግጅጋ ጎረቤት ከተማ ቀብሪበያ ፓዮን ምኗ ነው የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ውኃና ፊዚክስ ከተወዳደሩ ውኃው ይቅደም። እዚህ ግን የሚወዳደሩ አይመስለኝም። ጋዝ እንዳያፈስ መዝጋት፣ ከፍተኛ ቮልቴጅን በጥንቃቄ መያዝ፣ ፈጣን ኤሌክትሮኒክስ ማንበብ የሚችል ወጣት ለሆስፒታልም ያስፈልጋል፤ አዲሶቹ የካንሰር መመርመሪያ ፔት ስካነሮች የሚሠሩት የበረራ ጊዜን በመለካት ነው። ጊዜ የሚቆጥሩት ቺፖች ከውጭ መገዛታቸው አይቀርም፤ ይህን መካድ አይገባም። አር 134 ኤም ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ስለሆነ ከጅምሩ ምትኩን ማሰብ ይሻላል፤ ጣሊያኖቹም ወደዚያው ዞረዋል። ነገሩ ለአፍሪካም እንግዳ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ በአሊስ፣ ሞሮኮ በሌላው የሰርን ሙከራ በአትላስ ውስጥ አሉ።

ዩኒቨርሲቲው እንደ ጣሊያኖቹ በሦስት ንብርብር ብቻ ይጀምር፤ ትምህርት ሚኒስቴር ይደግፈው፤ የቀብሪበያ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ክሩን ሲወጥሩ አብረው ይሥሩ።