ከመሬት ሦስት ሜትር

ግጥማችን ለከፍታ ያደላል። ስለ በራሪ ስንጽፍ ንስርን እናነሣለን፤ አደጋም ሲባል ከላይ መውደቅ ይታየናል። እኔም ከባንክ መስኮት ጀርባ ውዬ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና ከዚህ ልማድ ነጻ አልነበርሁም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የወሎን ቆላ በወረረበት ሰሞን ለለቅሶ ወደ አክስቴ አገር ወርጄ ነበር። በማለዳ አንድ የመርጫ አውሮፕላን ከማሽላው ራስ ጥቂት ከፍ ብሎ ሲያልፍ አየሁ። ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ለዚህ አብራሪ ከፍታ አደጋ ሳይሆን መጠጊያ መሆኑ ነው። ከላይ ያለ አብራሪ ሞተሩ ቢጠፋበት የሚያስብበት ጊዜ አለው፤ ሜዳ ይመርጣል። ከሰብል በላይ ሦስት ሜትር ላይ የሚበር ግን ምን ይመርጣል?

ቁጥር እንጀራዬ ነውና አሰላሁት። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 44 ሜትር ነው። የመብራት ሽቦ ከሩቅ አይታይም፤ አብራሪው ምሰሶውን አይቶ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ ይገምታል። መቶ ሜትር ሲቀረው ቢያየው እንኳ ያለው ሁለት ሰከንድ ከምናምን ነው። ማሳው ሲያልቅም በመድኃኒት የከበደውን አውሮፕላን ሽቅብ አንሥቶ መዞር አለበት። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ክንፉ አየሩን መያዝ ካቃተው ለማገገሚያ የሚሆን ከፍታ ከሥሩ የለም። የቆላ ሙቀት ደግሞ አየሩን ያሳሳዋል። ለግሪሳ ወፍ የሚደረገው ርጭትማ ወፉ ለአዳር ሲሰበሰብ፣ ብርሃን ሲሸሽ ነው።

(የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም በነበረበት ዘመን «እሸት» ብሎት ነበር። ስሙን ያወጣው ሰው ገጣሚ ሳይሆን አይቀርም።)

«ሙያው ነው፤ ፈቅዶ ገባበት» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሽቦውን የዘረጋው አብራሪው አይደለም። ከርጭቱ በፊት ቦታውን ዞሮ ምሰሶ የሚቈጥር ሰው ቢላክ፣ በሽቦው ላይ ባለ ቀለም ኳስ ቢንጠለጠል፣ ለገበሬው ከዋዜማው ቢነገር፣ ከነዚህ ውስጥ አገር የሚያደኸይ ወጪ የቱ ነው? ነፋስ ሲነሣ ርጭቱ ይቁም ማለትስ ምን ያስከፍላል? መድኃኒቱ አንበጣን ከንብ አይለይም።

ያን ማለዳ ለመንደሩ ማንም አስቀድሞ አልነገረም። ድምፁን ስንሰማ አክስቴ ከለቅሶው ድንኳን ወጥታ ጋቢዋን በንብ ቀፎዋ ላይ አለበሰች። አውሮፕላኑ ከምሰሶው አጠገብ ሽቅብ ሲምዘገዘግ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

«ልጄ፣ ይህ ሰው እናት የለውም?» አለችኝ።

ከዚያ እስኪመለስ ቆመን ጠበቅነው።