ደንባራው ፈረስ ለማን ይሰጥ?



ሰሞኑን በጀመዓችን አንድ ክርክር ተነስቷል። ጥቂት ተማሪዎችና የሰፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አስፋልት ዳር ተጥሎ የነበረ የጋሪ ፈረስ አሳክመዋል። የጀርባው ቁስል ደርቋል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ሰው ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ገመድ ሲያይ ይሸሻል፣ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ ይደነብራል። ገሚሱ «ቀድሞ ለጠየቀ ገበሬ ይሰጥና እንገላገል» ይላል። ሌላው «ግቢው አጠገብ ታስሮ ይቀመጥ፣ እኛ እንቀልበዋለን» ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ይህ ፈረስ መሰጠት ያለበት ደንባራ ፈረስ መግራት ለሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እስኪገኝም መታገስ አለብን።

ይህ የአንድ ፈረስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት እንደ ጎጃም ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ነው። በየከተማው እህልና ሲሚንቶ፣ ውሃና ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ የጋሪ ፈረሶች ብዙ ቤተሰብ አብልተዋል። ባጃጅ ሥራውን ሲሻማ፣ ሰኮናው የታመመና ጀርባው የተላጠ ፈረስ ለባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። መኖ ተወዷል፤ ባለጋሪውም የልጆቹን ዳቦ ያስባል። መጨረሻው ፈረሱን መልቀቅ ይሆናል። ይህን የምጽፈው ባለጋሪውን ለመኮነን አይደለም። ነገር ግን ፈረሱን ከመንገድ ያነሳነው እኛ ስለሆንን ከዚህ በኋላ የሚደርስበት ነገር እኛንም ይመለከታል።

ፈረስ በተፈጥሮው አደጋ ሲሰማው ሮጦ የሚያመልጥ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ልክ ከኋላውና ከግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ሳያየው ከኋላ የቀረበውን ሰው ይራገጣል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ልምድ ያለው ሰው ከትከሻው አቅጣጫ ድምፁን እያሰማ ቀስ ብሎ ይቀርባል፤ ፈረሱ ሲረጋ ገመዱን ያላላለታል፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሠርቶ በሰላም ይለያያሉ። ልምድ የሌለው ሰው ግን አንድም ፈርቶ ይሸሸዋል፣ አንድም ተናዶ አለንጋ ያነሳል። ያኔ ነገሩ አባቶቻችን «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» እንዳሉት ይሆናል። ፈረሱ ሰው ይመታል፣ ይደበደባል፣ ተመልሶም አስፋልት ዳር ይጣላል።

ዲናችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ የአንሷር ሰው የአትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው አነባ። በመጀመሪያ ጆሮው ሥር ዳሰሱትና አረጋጉት፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ማስራቡንና ማድከሙንም ገሠጹት። ሙስሊም እንደዘገቡት ደግሞ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስቸጋሪ ግመል ላይ ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱት፣ ገርነትን እንዲይዙ መክረዋቸዋል። እንግዲህ ገርነት ማዘን ብቻ አይደለም፤ የሚሠራ እጅና ትዕግሥት ይጠይቃል። እኛ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈተና ሲደርስ ለራሳችንም ምሳ የምንረሳ ሰዎች ነን። ክብደቱ 250 ኪሎ የሚሆን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖና ከ20 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ግቢው ባዶ ሲሆን ማን ይሰጠዋል?

ሁለተኛው ነገር እውነት መናገር ነው። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚነሳ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በነፃ ስለምንሰጠው ነውሩን መደበቅ አይፈቀድልንም። የምህንድስና ተማሪ ማሽን ሲያስረክብ ጉድለቱን በሰነድ ይጽፋል። እኛም «ይራገጣል፣ ገመድ ይፈራል፣ ልጅ አይቅረበው፣ ለጊዜው ጋሪ አይጎትትም» ብለን በግልጽ መናገር አለብን። ይህን ሰምቶ የሚተወን ገበሬ ካለ፣ ከጉዳት አድነነዋል ማለት ነው።

የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል ለሚሉ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአዊ ሕዝብ በፈረሰኝነቱ የታወቀ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ከዚያ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች በመካከላችን አሉ፤ አባቶቻቸውን ይጠይቁልን። በቅርብ ባሉ ወረዳዎችም ፈረስ ሲገሩ ያረጁ አባቶች አይጠፉም። ስንመርጥም ደንባራ ፈረስ ገርቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ የተረጋጋ ፈረስ እንዳለው (ፈረስ ብቻውን አይረጋምና)፣ መኖ እንደማያጥረው እንጠይቅ። ከሰጠን በኋላም እየደወልን እንከታተል፤ ካልተስማማቸው መልሰን የምንቀበልበትን መንገድ ከአሁኑ እንያዝ።

«ሰው ተርቦ ሳለ ለፈረስ?» የሚሉ ወንድሞችን አከብራለሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ የተቸገሩ ተማሪዎች መረጃ ፈንድ መነካት የለበትም። ነገር ግን አሁን የሚያስፈልገን ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ሳምንት ትዕግሥት፣ ጥቂት የስልክ ጥሪና የተወሰነ ድርቆሽ ነው። የጀመርነውን መልካም ሥራ ለመገላገል ስንል በጥድፊያ ካበላሸነው ግን፣ ያዳነው ፈረስም አይኖርም፣ የተቀበለውም ሰው ይጎዳል።

አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።