የሄደ ሰው ላብ አይርከስ

በዳላስ፣ በጋርላንድና በአካባቢው ለምትኖሩ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፣ በተለይም በአማርኛ ስለ ስፖርት ለምታወሩና ለምትጽፉ ወገኖቼ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ማለዳ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የታክሲ ሾፌሮች ተራ በምንጠብቅበት ግቢ፣ እንደ ልማዳችን አራት አምስት ሆነን ከአንድ መኪና ኋላ ቆመናል። ፔርሙዙ ተከፍቷል፣ ቡናው በወረቀት ኩባያ ይዞራል። አንዱ ወንድማችን ስልኩን አወጣና ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አሳየን። በአንደኛው ሉካ ዶንቺች በሰማያዊው የዳላስ ማቭሪክስ ማሊያ ፊቱ ሞላ ብሎ ይታያል። በሁለተኛው የሎስ አንጀለስ ሌከርስን ቢጫ ማሊያ ለብሷል፤ ጉንጩ ጎድጎድ ብሏል፣ ወገቡ ቀጥኗል። «አያችሁ? ይችል ነበር ማለት ነው። እኛ ጋር እያለ እየበላ ይተኛ ነበር፤ ሲሄድ ሠራ!» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ።

መንገደኛዬን ጭኜ ከግቢው ስወጣ ግን ንግግሩ አልለቀቀኝም። ያን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ የተባለው ስለ እኔ ነበር።

ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ገባሁ። አራት ዓመት ካርቶን ሳነሳና ስጭን ኖርኩ። በሦስተኛው ዓመት ወገቤን አመመኝ፤ እያመመኝ ሠራሁ፤ ፍጥነቴም ቀነሰ። አንድ ሌሊት «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ተባልኩ። ስድስት ሳምንት ቤት ተኝቼ ወገቤን አሳረፍኩና ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ። እዚያ ዕቃ ማንሻ ማሽን ነበር፤ ዕረፍቱም ሰዓቱን ይጠብቃል። ሥራው ቀለለኝ፤ ተመሰገንኩም። የቀድሞው አለቃዬ ይህን ሲሰማ፣ «አላልኳችሁም? እዚህ እያለ ያታልለን ነበር» ማለቱን ጓደኞቼ ነገሩኝ። አራት ዓመት ሙሉ በሌሊት ያፈሰስኩትን ላብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አራከሰብኝ። ከተባረርኩበት ቀን ይልቅ ያ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የሉካን ነገር እንደገና አብረን እንድንመዝነው እለምናችኋለሁ።

ይህ ልጅ የተወለደው በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሉብሊያና በ1999 ነው። በ13 ዓመቱ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር፣ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። በ18 ዓመቱ ከአገሩ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ19 ዓመቱ የዩሮሊግን ዋንጫ አነሳ፤ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ። በዚያው በ2018 ዳላስ ገባ። ከእኛ መካከል በልጅነቱ ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ በሰው አገር በሰው ቋንቋ አፉን የፈታ ብዙ ሰው አለ። በ13 ዓመት ብቻውን የተሰደደን ልጅ «ሥራ አያውቅም» ለማለት ሌላው ሰው ቢቸኩል እኛ ልንቸኩል አይገባንም ነበር።

ዳላስ ውስጥ ምን ሠራ? ከ2020 እስከ 2024 በተከታታይ አምስት ዓመት በኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ የመጀመሪያ አምስት ውስጥ ተመረጠ። በ2023–24 የውድድር ዘመን በአማካይ 33.9 ነጥብ እያስቆጠረ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አግቢ ሆነ። ጥር ወር 2024 አትላንታ ላይ ብቻውን 73 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ግንቦት በሚኒሶታ ሜዳ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ሲቀር፣ በሩዲ ጎቤር ፊት ወደ ኋላ አፈግፍጎ የወረወራት ኳስ ስትገባ ስንቶቻችን ከሶፋችን ተነስተን ጮኸናል? ጎረቤት ግድግዳ መትቶብናል። ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰው። በዚያ የጥሎ ማለፍ ዘመቻ ማቭሪክስ ያደረጋቸውን 22 ጨዋታዎች አንድም ሳይቀር ተጫወተ፤ ያውም ጉልበቱንና ደረቱን እያመመው። ሰኔ 17 ቀን በቦስተን ተሸንፎ ወጣ። በሐምሌ መጀመሪያ ደግሞ ግሪክ ፒሬየስ ላይ ለአገሩ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሲጫወት አየነው። ሁለት ሳምንት ያህል ነው በመካከሉ ያለው። የማያርፍን ሰው ነው እንግዲህ «ተኝቶ ነበር» የምንለው።

ጥፋት አልነበረበትም አልልም። ክብደቱ ይጨምር ነበር። በመከላከል ላይ ይለግም ነበር፤ ያለፈውን ሰው ከማሳደድ ይልቅ እጁን ዘርግቶ ከዳኛ ጋር ሲከራከር ስንቴ ተናደናል። በ2024 ፍጻሜ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ቡድኑ ከኋላ ተነስቶ ሲገሰግስ፣ በስድስተኛ ፋውል ከሜዳ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ያኔ ፊት ለፊት ያለው ሰው ትክክል ነበር። ወቀሳ የወዳጅ ወግ ነው፤ ሰውን ያርማል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ተነስቶ የኖረበትን ዘመን ሁሉ «ከንቱ ነበር» ማለት ግን ማንንም አያርምም። እርማቱን የሚሰማው ሰው የለምና ስሙን ማጉደፍ ብቻ ነው የሚተርፈው።

አሁን ከዳላስ ወደተሸኘባት ሌሊት እንምጣ። የካቲት 2025 በገባበት ቅዳሜ ሌሊት ሉካ ለሌከርስ መሰጠቱ ተሰማ። በምትኩ አንቶኒ ዴቪስ፣ ማክስ ክሪስቲና የ2029 አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መጡ። ሉካ በገና ዕለት ባቱን ተጎድቶ ገና አላገገመም ነበር። ዜናውን ሲነግሩት ኤፕሪል ዘፉል መስሎት እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። እስከ 345 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ የነበረው የአምስት ዓመት ውልም በዚያች ሌሊት ከእጁ ወጣ። ሕዝቡ በዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት ዙሪያ አበባ እያኖረ እንደ ለቅሶ ቤት ቆመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የሚያሳዝነው። ስማቸው ያልተጠቀሰ ምንጮች ስለ ክብደቱና ስለ ልምምዱ ማውራት ጀመሩ። ጄኔራል ማናጀሩ ኒኮ ሃሪሰን ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው አሉ። የቡድኑ ባለቤቶች ተወካይ ፓትሪክ ዱሞንት ለዳላስ ጋዜጣ በሰጡት ቃል ጆርዳንን፣ ላሪ በርድን፣ ኮቤንና ሻኪል ኦኒልን በየቀኑ የሚለፉ ሰዎች ብለው ጠቀሱ፤ ለዕረፍት የሚመጣ ሰው እኛ ዘንድ ቦታ የለውም የሚል መልእክትም አስተላለፉ። የሉካን ስም አላነሱም። ለማን እንደተባለ ግን ያልገባው አልነበረም። ሻክ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን በክብደቱና በአካል ብቃቱ እስኪሰለቸው ድረስ የተወቀሰ ተጫዋች ነው። አንዱን በከባድ ሰውነቱ ታላቅ፣ ሌላውን በሞላ ፊቱ ሰነፍ የሚያሰኝ ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ሰባት የውድድር ዘመን ደጅህ የለፋን ልጅ በሌሊት ሸኝተህ፣ ጠዋት «ሰነፍ ነበር» ማለት፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይህ ነው።

እነሱ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ውሳኔያቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። እኛን ግን ምን አስገደደን? ቃላቸውን በአማርኛ ተርጉመን፣ ጨው ጨምረንበት፣ በየቡና ቤቱና በየስልካችን የበተንነው እኛ ነን።

«ቀጥኖ መጣ፤ ስለዚህ ሰንፎብን ነበር» የሚለውም ክርክር አያስኬድም። በ2025 ሌከርስ በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ ተሸንፎ በሚያዝያ መጨረሻ ወጣ። ሉካ በብዙ ዓመት አንዴ ረጅም በጋ አገኘ። ለአንድ ወር ያህል ኳስ ሳይነካ ሰውነቱን አሳረፈ፤ ከዚያ በቀን ሁለቴ ይሠራ ጀመር፤ ከማታ እስከ ቀትር ከምግብ ይቆጠብ ነበር። ጾም የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ሰውነትን መግዛት ምን ያህል ቁርጠኝነት እንደሚጠይቅ አይነገረንም። በዚያው በጋ መጨረሻ በአውሮፓ ዋንጫ ስሎቬኒያን እስከ ሩብ ፍጻሜ አደረሰ፤ በጀርመን ሲሸነፉ 39 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። ጥቅምት ላይ የኤንቢኤ ውድድር ሲጀመር በመጀመሪያው ጨዋታ 43፣ በሁለተኛው 49 አስቆጠረ።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው አንድ ሰው መለወጡን ነው። 26 ዓመት ያልሞላው ወጣት ተጎዳ፣ ተባረረ፣ ተዋረደ፤ ከዚያ ተነስቶ ራሱን አረመ። እኛ ግን እርማቱን ለትናንቱ ክስ ማስረጃ አደረግነው። እንዲህ ከሆነ ማን ይታረማል? ልጃችሁ በአንድ ትምህርት ቤት ደክሞ በሌላው ቢጎብዝ «ለካ ያኔ ታታልለን ነበር» ትሉታላችሁ? ወይስ ደስ ብሏችሁ ታቅፉታላችሁ?

ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን ካልን፣ ለአንቶኒ ዴቪስም ይሁን። በመጀመሪያው የዳላስ ጨዋታው ሦስት ሩብ ሳይሞላ 26 ነጥብና 16 ሪባውንድ ይዞ ተጎዳ፤ ያን ዕለት «ብርጭቆ» ብለን የሳቅንበት እኛ ነን። ቀይሩኝ ብሎ ያልለመነ ሰው ነው። ለኒኮ ሃሪሰንም ይሁን። በገዛ ሜዳው «ይባረር» እየተባለ ወራት ሲጮኽበት ቆይቶ ኅዳር 11 ቀን 2025 ተሰናበተ። ውሳኔው ከባድ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ካይሪ ኧርቪንግን ያመጣና በ2024 ለፍጻሜ የደረሰውን ቡድን የገነባም እሱ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እኛ ሌላ ምሳር አንጨምር።

የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተጫዋችን ስትወቅሱ ያደረገውን ጥቀሱ። «በዚህ ጨዋታ ሰውየውን አልተከተለም» ማለት ወቀሳ ነው፤ «ሰነፍ ነው» ማለት ግን ፍርድ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙን ደብቆ የሚያወራን አፍ ቃል እንደ እውነት አታሰሙን፤ ሰው ፊት ለፊት ያልተከሰሰበትን ነገር በሌለበት አትፍረዱበት። ሦስተኛ፣ ስታወሩ ልጆቻችን አጠገባችሁ እንዳሉ አስቡ። ልጄ 77 ቁጥር ያለበት ሰማያዊ ማሊያ አለው። ባለፈው ሳምንት ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ፣ «አባዬ፣ ይህን አሁንም መልበስ እችላለሁ?» አለኝ። ጥያቄው ማሊያው ስለመጥበቡ አልነበረም። የወደደውን ሰው መውደዱ ስሕተት እንደነበር እንድነግረው ነው የፈራው።

ሚያዝያ 9 ቀን 2025 ሉካ ወደ ዳላስ ሲመለስ በየወንበሩ ላይ «ህቫላ ዛ ቭሴ» የሚል ቲሸርት ተዘርግቶ ነበር። በአገሩ ቋንቋ «ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን» ማለት ነው። የመታሰቢያው ፊልም ሲታይ ተቀምጦ በፎጣ ዕንባውን ጠረገ። ከዚያ ተነስቶ 45 ነጥብ አስቆጠረብን፤ እኛም አጨበጨብንለት። ያን ምሽት ያሳየነው ልብ ነው የእኛ ልክ። ወደዚያው እንመለስ።

ሰው በሌለበት አይወቀስ ብዬ ስለጻፍኩ፣ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ፎቶውን ላሳየን ወንድማችን ያው ግቢ ውስጥ አነበብኩለት። ሁሉንም አልተቀበለኝም። «መከላከሉ ላይ ግን አሁንም ይለግማል» አለኝ። ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ሉካ በሚቀጥለው ጨዋታ ሊያርመው በሚችለው ነገር ላይ ነበርና ክርክሩ ደስ አለኝ። ልጄም ማሊያውን ለብሶ ወጥቷል።

አክባሪያችሁ፣
ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ፣ አንድ የታክሲ ሾፌር ወንድማችሁ